ተዳፋቱን ያልቆጠረ ናሙና

የራቤል አፈር ምን እንደሚጎድለው የሚወሰነው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ማሳው ላይ፣ የአፈር መሰርሰሪያው (አውገሩ) በሚያርፍበት ቦታ ነው

አንድ ሄክታር የእርሻ መሬት፣ ማረሻ በሚደርስበት 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቢታሰብ፣ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር አለው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አፈር 1.2 ቶን ያህል ይመዝናል ብንል፣ የዚያ ሄክታር የላይኛው አፈር ብቻ 2,400 ቶን ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ለምርመራ የሚላከው አንድ ኪሎ ግራም ነው። ኪሎው ላቦራቶሪ ደርሶ፣ ደርቆ፣ ደቅቆ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ከተነፋ በኋላም ካርቦኑ የሚለካው ከአንድ ግራም ገደማ ላይ ነው። ለሚቀጥለው ክረምት ስንት ኩንታል ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ይግባ፣ ዩሪያው ስንት ጊዜ ተከፍሎ ይጣል፣ ኖራ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ምክር እንግዲህ እንዲህ ባሉ ጥቂት ግራሞች ላይ ይቆማል። ላቦራቶሪው ግራሞቹን በጥንቃቄ ይመዝናል፤ ሚዛኑን ያስመረምራል፣ ውጤቱንም ይዘቱ አስቀድሞ ከታወቀ አፈር ጋር ያስተያያል። ኪሎው ከማሳው የተነሣበትን ቦታ ግን የሚመረምረው የለም። ትልቁ ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አያወጣውም።

ነገሩ በየቦታው እኩል አያሳስብም። ሰፊና ሜዳማ በሆነ እርሻ ላይ የአንዱ ጥግ አፈር ከሌላው ብዙም ስለማይለይ ከየትም ቢነሣ ናሙናው ከእውነቱ አይሸሽም። በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በራቤል ዙሪያ ግን እርሻ ማለት ተዳፋት ነው። ከደጋው አናት ተነሥቶ በአፋፍ፣ በሸንተረርና በረባዳ እየተቆራረጠ ወደ ቆላው ሸለቆ የሚወርድ መሬት ነው። እዚህ አገር በመቶ እርምጃ ርቀት ውስጥ የአፈሩ ቀለም፣ ጥልቀት፣ ውኃ የመያዝ አቅምና ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምላሽ ይለዋወጣል። ስለዚህ እዚህ አገር ላይ ስንት ናሙና ተወሰደ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ናሙናው ከተዳፋቱ የትኛው ክፍል ተነሣ የሚለው ይቀድማል። ከላይ፣ ከመካከልና ከግርጌ የተነሣ አፈር አንድ ባልዲ ውስጥ እስከተደባለቀ ድረስ ምርመራው የቱንም ያህል ቢረቅ የሚናገረው በማሳው ላይ በየትም ስለሌለ አፈር ነው።

አውገሩ የሚያልፋቸው ቦታዎች

ወቅቱ አዝመራው ተሰብስቦ የበልግ ዝናብ ያልጀመረበት የጥር ወር ነው እንበል። ናሙና ለማንሣት አመቺው ጊዜ ይህ ነው፤ ማሳው ባዶ ነው፣ ያለፈው ማዳበሪያም ሥራውን ጨርሷል። የልማት ሠራተኛው አውገር፣ ባልዲና የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ የገብስ ቃርሚያ ባለበት ተዳፋት ላይ ወጥቷል። መመሪያው የሚለው ግልጽ ነው፤ በማሳው ላይ እየተጠማዘዝክ ሂድ፣ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውጋ፣ ሁሉንም ባልዲ ውስጥ ደባልቅ፣ በሸራ ላይ አፍስሰህ ለአራት ክፈል፣ ሁለቱን ማዶ ለማዶ ያሉትን ክፍሎች ጣል፣ አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ ደጋግም። ከዛፍ ሥር፣ ከፍግ ክምር አጠገብ፣ ከማሳ ወሰን፣ ከቦይና ከድሮ ቤት ፍራሽ ላይ አትውሰድ።

ተረተሩ ላይ አውገሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደዞረ ድንጋይ ያገኛል። አፈሩ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ጭንጫ ነው። መመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚል ሠራተኛው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይሞክራል፤ ያም ካልሆነ ሌላ እርምጃ፤ በመጨረሻም አውገሩ የሚገባበት ኪስ ያገኛል። ሥራውን በታማኝነት ሠርቷል፤ ናሙናው ግን ተዛብቷል። ባልዲው ውስጥ የገባው በተረተሩ ላይ ካለው አፈር ሁሉ ጥልቁና ምናልባትም ለሙ ነው፤ አውገሩ እምቢ ያለባቸው ቦታዎች፣ ገብሱ ቀድሞ የሚጠወልግባቸው ቦታዎች፣ በናሙናው ውስጥ የሉም። ግርጌ ሲወርድ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ዋልካው በጥር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እንደ ልብ አይወጋም፣ በዶማ ፈንቅሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ሥራው ስለሚከብድ እዚህ የሚወጋው ነጥብ ይቀንሳል። እንዲህ እያለ የመሬቱ አስቸጋሪነት ራሱ ናሙናውን ይመርጣል፤ መራጩ ደግሞ የልማት ሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን ተዳፋቱን ያላሰበ መመሪያ ነው።

በመካከል ያለው እርከን ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በሁለት የድንጋይ ክትሮች መካከል ያለችው ቁራጭ መሬት ከላይ ስትታይ አንድ ዓይነት ትመስላለች። ነገር ግን ክትሩ ከተሠራ ጀምሮ ጎርፍና ማረሻ ተባብረው አፈሩን ከላይኛው ክትር እግር ሥር እያነሡ በታችኛው ክትር ጀርባ ላይ ሲያከማቹ ኖረዋል። በታችኛው ክትር ጀርባ የተጠራቀመው ደለል ጥልቅ፣ ጠቆር ያለና እርጥበት የሚይዝ ነው፤ ከላይኛው ክትር ሥር የቀረው ስስና ነጣ ያለ ነው። በዚያች ጠባብ ቁራጭ ውስጥ ገብሱ ከታች ከፍ ብሎ፣ ወደ ላይ እያጠረ ሲሄድ በዓይን ይታያል። እርከኑ አፈሩን ከወንዝ አድኖታል፤ በውስጡ ግን አዲስ ልዩነት ፈጥሯል። ናሙና አንሺው ሁልጊዜ ከክትሩ ጀርባ ቆሞ የሚወጋ ከሆነ የደለሉን ለምነት ለመላው ማሳ ይሰጠዋል።

ልዩነቱ ከየት መጣ

የዚህ አገር መሬት መነሻው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ የፈሰሰው ቀላጭ ድንጋይ ተነባብሮ ደጋውን ሠርቷል፤ ጠንካራው ንብር ገደል ሆኖ ሲቀር በቀላሉ የሚፈረፈረው መደዳ ሆኖ የእርሻ ቦታ ሰጥቷል። እንግዲህ አፈሩ ገና ሲፈጠር በከፍታ የተለያየ ነበር። በዚያ ላይ ቅዝቃዜው አለ፤ መቶ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀንስ በአናቱ ላይ ሥርና ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ሃንስ ጄኒ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፉ አፈርን የሚሠሩት አየር ንብረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥ፣ መነሻው ድንጋይና ዘመን ናቸው ብሏል። ከእነዚህ ከአምስቱ አራቱ በአንድ የራቤል ተዳፋት ላይ ከላይ እስከ ታች ይለያያሉ። ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በታንጋኒካ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ሚልን የምሥራቅ አፍሪካን ኮረብታዎች ሲያጠና ከአናት እስከ ረባዳ ያሉት አፈሮች እንደ ሰንሰለት ቀለበት የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ፤ ከላይ የታጠበው ከታች ይቀመጣል፣ ከላይ የደረቀው ከታች ይረጥባል። አፈሮቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ግን አንድ አፈር አይደሉም።

የመታጠቡን መጠን በሰሜን ሸዋ ራሱ የተለካ ሥራ ይነግረናል። በስዊዘርላንዱ ሃንስ ሁርኒ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ1981 ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ደጋዎች የመለኪያ ጣቢያዎች አቋቁሞ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ በደብረ ሲና አቅራቢያ ያለው አንዲት ጥድ ነው። ሁርኒ ከእነዚህ ጣቢያዎች ልኬት ተነሥቶ የሚታረስ የኢትዮጵያ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገመተ። ይህ በጥልቀት ሲሰላ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በሠላሳ ዓመት ግን ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ተረተሩ ላይ ደግሞ አፈሩ ሁሉ ስንዝር የማይሞላ ነው። ዋናው ነገር አማካይ መሆኑ ነው። ጎርፍ ከማሳው ሁሉ እኩል አይላጭም፤ ከጉብታው ትከሻ ብዙ ያነሣል፣ ከወገቡ ያነሰ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ያነሣውን በከፊል ይጥላል። የአፈር መሸርሸር ብለን የምንጠራው ነገር በሌላ በኩል አፈርን በየዓመቱ ይበልጥ የሚለያይ ኃይል ነው።

ታዲያ ላዩ ድሃ ታቹ ሀብታም ነው ብሎ ደንግጎ ናሙና ማንሣቱን መተው ይቻል ይሆን? አንዲት ጥድ ይህንንም አይፈቅድም። የጣቢያው ተፋሰስ ከ3,000 ሜትር በላይ ጀምሮ ወደ 3,500 ሜትር የሚወጣ ሲሆን ከላይ በኩል የሚገኘው አንዶሶል የሚባለው ጥቁርና በብስባሽ የበለጸገ አፈር ነው። ለዓይን ለም ነው፤ ነገር ግን ይህ የአፈር ዓይነት ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ የተጨመረው ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ ይታሰራል። ረባዳው ዋልካም እንዲሁ ነው፤ ማዕድኑ ብዙ ቢሆንም በክረምት ውኃ ተኝቶበት የስንዴውን ሥር ያፍነዋል። በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ በእጁ መደብ እያነሣ ውኃውን የሚያንጠፈጥፈው ለዚህ ነው። የተዳፋቱ ሥርዓት አለ፤ ግን በቢሮ ተቀምጦ የሚገመት አይደለም። መውረድና መውጋት ያስፈልጋል፤ ሥርዓቱ የሚረዳን የት እንደምንወጋ ለመምረጥ ነው።

ተፈጥሮ በለያየው ላይ የሰው እጅ ይጨምርበታል። በመንዝና በግሼ ደጋ እንጨት ስለማይበቃ የከብት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። እበቱ ከሩቅ ማሳና ከግጦሽ ይለቀማል፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል፤ ከብቱና በጉም ሌሊቱን በደጅ ያድራሉ። እንዲህ በየዓመቱ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከሩቁ ማሳ እየተነሡ በቤቱ ዙሪያ ይከማቻሉ፤ አመዱ የጓሮውን አሲዳማነትም ያለዝባል። በሸዋ ደጋ በድሮው ልማድ ደግሞ ጦም ያደረ መሬት ከታረሰ በኋላ አፈሩ ተከምሮ፣ ውስጡ እበት ተደርጎ ይጋያል። ማጋየቱ ለመጀመሪያው የገብስ አዝመራ ፎስፈረስ ይለቃል፤ ናይትሮጅኑንና ብስባሹን ግን ያቃጥላል፣ ሸክላውንም ወደ አሸዋነት ያደላዋል። ክምሩ የነበረበት ቦታና በሁለት ክምር መካከል ያለው ቦታ ከዓመታት በኋላም እኩል አይሆኑም። ይህን የሚያውቀው ማሳውን ያረሰው ሰው እንጂ ካርታው አይደለም።

የአማካይ ወጥመድ

ለምሳሌ ያህል አንድ ተዳፋት ማሳ በሦስት እኩል ክፍል ቢከፈል፣ ለተክል የሚደርሰው ፎስፈረስ በተረተሩ 5፣ በወገቡ 8፣ በግርጌው 23 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ቢሆን፣ የተደባለቀው ናሙና 12 ይላል። ፎስፈረሱ በቂ ነው የሚባልበት ወሰን 10 ከሆነ ምክሩ ፎስፈረስ አይጎድለውም የሚል ይሆናል። ከማሳው ሁለት ሦስተኛው ግን ተርቧል። ምርመራው አልተሳሳተም፤ 12 ትክክለኛ አማካይ ነው። የወጥ ጨው የሚቀመሰው ከተማሰለ በኋላ ስለሆነ አንዲት ጭልፋ ለድስቱ ሁሉ ትመሰክራለች፤ ማሳን ግን የሚያማስለው የለም፣ እያንዳንዱ የገብስ ሥር የሚያገኘው በቆመበት ያለውን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ናሙና ማንሣት እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ አለ። ሒሳቡ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። በአንድ ማሳ ውስጥ የፎስፈረስ መጠን ከነጥብ ወደ ነጥብ ከአማካዩ በግማሽ ያህል መዋዠቁ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ ማሳ እውነተኛውን አማካይ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ከ10 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለማግኘት 96 ነጥብ መውጋት ያስፈልጋል። 25 በመቶ ስህተት ከታገሥን ደግሞ 15 ወይም 16 ይበቃል፤ መመሪያዎች ከ15 እስከ 20 የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች በአንጻሩ እምብዛም ስለማይዋዥቅ ሦስት አራት ነጥብም ሊገልጸው ይችላል። አሁን ማሳው በአቀማመጡ ቢከፈልና በየክፍሉ ውስጥ ያለው የፎስፈረስ መዋዠቅ ከ50 ወደ 30 በመቶ ቢወርድ፣ ለዚያው 25 በመቶ ስህተት በየክፍሉ ስድስት ነጥብ ይበቃል። ሦስት ክፍል በስድስት ነጥብ 18 ነው። የሚወጋው ነጥብ መመሪያው ካዘዘው አልበለጠም፤ የሚገኘው መልስ ግን ሦስት ነው፤ ሦስቱም በማሳው ላይ በእርግጥ ስላለ አፈር ይናገራሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት አፈርን በደረጃ መመደብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች በጋሻ የተለካ መሬት ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይመደብ፣ ግብሩም እንደዚያው ይለያይ ነበር። ጋሻ ግን 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከአንድ ጋሻ ውስጥ ተረተሩም ረባዳውም ይገኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው የግብርና ኤክስቴንሽን ደረጃውንም ትቶ ለረጅም ዘመን በሰፊው አንድ ምክር ሰጠ፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ይህን ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲና በግብርና ሚኒስቴር የተጀመረው፣ ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ የመሩት የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት ትልቅ እርምጃ ነበር። በመላው አገሪቱ ናሙና ተሰብስቦ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ፖታሲየም፣ ሰልፈር፣ ዚንክ፣ ቦሮንና መዳብ የጎደለባቸው ቦታዎች በካርታ ተቀመጡ፤ ዳፕ በኤንፒኤስና በድብልቅ ማዳበሪያዎች ተተካ። አሲዳማነት ከታራሹ መሬት 43 በመቶ ያህሉን እንደሚነካም ከዚህ ሥራ በኋላ በስፋት ይነገራል። ካርታው ጥያቄውን ከአገር ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ አውርዶታል። ተዳፋቱ ግን ከቀበሌ በታች ነው።

ያ የመጨረሻ ደረጃ፣ ከቀበሌ ወደ ተዳፋት መውረዱ፣ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳየው ደግሞ ለራቤል ቅርብ የሆነ ማስረጃ ነው። ዶክተር ጥላሁን አመዴና ባልደረቦቻቸው በደብረ ብርሃን አካባቢ ያለውን ባሶና ወራናን ጨምሮ በኢትዮጵያ ደጋዎች ስንዴን በግርጌ፣ በወገብና በተረተር ላይ ዘርተው ለማዳበሪያ የሚሰጠውን ምላሽ አነጻጸሩ። ተዳፋትነቱ በጨመረ ቁጥር ምላሹ ቀነሰ፤ ምክንያቱም የአፈሩ ካርቦን፣ ሸክላና እርጥበት አብረው መቀነሳቸው ነው። ይኸው ማዳበሪያ ግርጌው ላይ ትርፍ ሲያመጣ ተረተሩ ላይ ብዙም ሳይሠራ ቀረ። ከድብልቆቹ በኋላ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎችም በብዙ ቦታ ምርቱን የሚያነሡት በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የተዳፋት ገበሬን ኪስ የሚነካው ከድብልቁ ዓይነት ይልቅ መጠኑ በየትኛው የማሳ ክፍል ላይ እንደሚወድቅ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የወጪ ነው። ላቦራቶሪ ሩቅ ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከሄክታር በታች ሆኖ በየቦታው የተበታተነ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥማድ ሦስት ናሙና ማን ይከፍላል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ናሙናው ግን የሚነሣው በባለቤት ሳይሆን በአቀማመጥ ነው። አንድ ተዳፋት የአሥር ቤተሰብ ማሳ ሊይዝ ይችላል። በየቤተሰቡ ቢሆን አሥር ናሙና ይላካል፤ በአቀማመጥ ቢሆን ሦስት፣ ጓሮው ሲጨመር አራት። የተረተሩ ውጤት ተረተር ላይ ማሳ ላላቸው ሁሉ ያገለግላል። እንዲያውም በመሬት ድልድሉ ዘመን መሬት በዕጣ ሲከፋፈል ለሙና ጠፉ ለእያንዳንዱ እንዲደርስ ይታሰብ ስለነበር አንዱ ገበሬ ከላይም ከታችም ቁራጭ አለው፤ የሦስቱን ክፍሎች ውጤት አይቶ የራሱን ማዳበሪያ በራሱ ማሳዎች መካከል ማሸጋሸግ የሚችለው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ በኩል ይመጣል። ሳተላይት ባለበት ዘመን ባልዲ ይዞ ተዳፋት መውጣት ምን አመጣው ይባላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት ከሚሠራባቸው የአፈር ካርታዎች አንዱ ምድርን ጎኑ 250 ሜትር በሆነ ካሬ ይከፍላል፤ አንዱ ካሬ 6.25 ሄክታር ነው፣ በእኛ ልክ 25 ጥማድ። በራቤል አንድ እንዲህ ያለ ካሬ ከአፋፍ እስከ ቦረቦር ሊይዝ ይችላል። ወደ 30 ሜትር የወረዱ አዳዲስ ካርታዎችም አሉ፤ ግን ሁሉም ከመሬት ከተነሣ ናሙና ተነሥተው የሚገምቱ ናቸው። ካርታው የሚማረው ከናሙናው ስለሆነ፣ ናሙናው ተረተሩን ከዘለለ ካርታውም ይዘልለዋል፤ ልዩነቱ አሁን ስህተቱ በቀለም አምሮ መቅረቡ ነው። ከሰማይ የሚታየው የከፍታና የተዳፋትነት መረጃ እጅግ የሚጠቅመው ናሙናው የት ይነሣ የሚለውን ለመወሰን ነው፤ እዚያ ላይ ቢውል ባልዲውን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ሦስተኛው በተቃራኒው ወገን ያለ ነው፤ ገበሬው መሬቱን ያውቃልና ምርመራ አያስፈልግም የሚል። ግማሹ እውነት ነው። የትኛው ቦታ ዋልካ፣ የትኛው ጭንጫ፣ የቱ ቶሎ የሚደርቅ፣ የቱ ውርጭ የሚያርፍበት፣ የቱ ባለፈው ዓመት ፍግ ያገኘ መሆኑን ከገበሬው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይህ እውቀት ማሳውን በክፍል ለመለየት ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ግን ዓይን ምክንያቱን ሁልጊዜ አይለይም። ገብሱ ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን አጥቶ፣ ውኃ ተኝቶበት ወይም በአሲድ ሥሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ከሩቅ ይመሳሰላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። በሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ለማያስፈልገው ማሳ መሸከም፣ ወይም ቦይ ለጎደለው ረባዳ ዩሪያ መጨመር ከባድ ኪሳራ ነው። ክፍሉን ገበሬው ይለየው፤ ምክንያቱን ላቦራቶሪው ይፈልገው።

ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ነው። ውጤቱ ቢታወቅስ፣ ለወረዳው የሚመጣው ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት፣ ያው አንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ተረተር ላይ አነስ ይበል ማለትስ ድሃውን ከድርሻው መንፈግ አይሆንም? ዓይነቱ አንድ ቢሆንም መጠኑን ማከፋፈል በገበሬው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር እንደታየው ባልሠራበት ቦታ የወደቀ ከረጢት የገበሬውን ዕዳ ብቻ ያበዛል። ፍትሕ እኩል ከረጢት ማደል ከሆነ ተረተሩ ድርሻውን አግኝቷል፤ ፍትሕ እኩል ምርት የማግኘት ዕድል ከሆነ ግን ተረተሩ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ክትር፣ ኮምፖስት፣ ከገብሱ ጋር ተፈራርቆ የሚዘራ ባቄላ ወይም ምስር፣ አፈሩ ጨርሶ ሲሳሳ ደግሞ ሣርና ዛፍ። ማዳበሪያ መልሶ የሚሠራው ካርቦኑና እርጥበቱ ሲመለስ ነው። እዚህ ላይ ተቃውሞው አንድ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የናሙናው ውጤት ማዳበሪያ ለመቀነሻ ብቻ ውሎ ለተረተሩ የሚገባው ሥራ ካልተከተለ፣ ምርመራው የድሃውን መሬት ድህነት መዝግቦ ከመሄድ አያልፍም። ስለዚህ በየአቀማመጡ የተሰጠ ምክር ከአፈር ጥበቃው ዘመቻ ጋር አንድ ላይ መታቀድ አለበት።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ተቋም አያስፈልግም። በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር የልማት ሠራተኛውና ገበሬዎቹ እነዚያኑ ተዳፋቶች ከላይ እስከ ታች ይለካሉ፤ ናሙናውን በዚያው ጉዞ፣ በተረተር፣ በወገብ፣ በግርጌና በጓሮ ለይቶ ማንሣት ይቻላል። ተረተሩ ላይ አውገሩ እስከገባበት ድረስ ብቻ ተወግቶ ጥልቀቱ ይመዝገብ እንጂ ጥልቅ ኪስ አይፈለግ፤ ጭንጫው የተገኘበት ጥልቀት ራሱ ከፎስፈረሱ ያላነሰ መረጃ ነው። እርከን ላይ ከክትሩ ጀርባና ከክትሩ ሥር እኩል ነጥብ ይወጋ። ዛሬ ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው የገበሬው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ነው። በዚያ ላይ አቀማመጡ፣ ተዳፋትነቱ፣ የአፈሩ ጥልቀት፣ ከቤት ያለው ርቀት፣ መቼ ፍግ እንዳገኘና ገበሬው አፈሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጨመር። እነዚህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው እርሳስና ጥቂት ደቂቃ ነው። ያለ እነርሱ ከላቦራቶሪ የሚመለሰው ቁጥር የየትኛው የማሳው ክፍል እንደሆነ አይታወቅም፤ ባለቤት በሌለው ቁጥር ላይ የተሰጠ ምክርም፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሰላ፣ ለአንዱ የማሳ ክፍል ይበዛል ለሌላው ያንሳል።